ለተመለሰ ልጅ የተከፈተ በር፦ ከቅዱስ ያሬድ ሕይወት ለወላጆችና ለመምህራን



በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ በየጊዜው የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ዘንድሮ ማንን እንጻፍ ብለን ስንመካከር ዓይናችን በላይኛው ክፍሎች ባሉ ባዶ ወንበሮች ላይ አረፈ። በመስከረም ተመዝግበው በጥር ያልነበሩ፣ በጥር ነበሩ ብለን በሚያዝያ የፈለግናቸው ልጆች አሉ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ነው። አንዳንዶቹ ረክሻ ይነዳሉ፤ አንዳንዶቹ ምግብ ቤት ዕቃ ያጥባሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ስለ ሊቢያ መንገድ ከደላላ ጋር እያወሩ ነው ይባላል። አርካዊት ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ስለዚህ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ ተመትቶ፣ ከመምህሩ ጠፍቶ የነበረ የአንድ ልጅ ታሪክ መረጥን። ልጁ ያሬድ ይባላል።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። ሲተረክ ግን ብዙውን ጊዜ ሁላችን የምናስታውሰው ትሉን ነው። ልጆቻችንን ስንመክርም ትሉን እናነሳለን፤ ጽና፣ ሞክር፣ አትሰልች እንላቸዋለን። ምክሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን ምክሩ ሁሉ ለልጁ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ታሪክ ውስጥ እናት አለች፣ አጎት አለ፣ መምህር አለ፣ በኋላም ንጉሥ አለ። እኛ ዘንድሮ ታሪኩን ከእነዚህ ትልልቅ ሰዎች በኩል ልናየው ወደድን፤ ምክንያቱም እኛ የቆምነው በእነርሱ ቦታ ነው።

ያሬድ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ አዳም፣ እናቱ ታውክልያ ይባላሉ። ገና በሰባት ዓመቱ አባቱ ሞተበት። እናቱም ብቻዋን ቀረች። ባል የሌላት ሴት ልጇን ለማሳደግ ምን ያህል እንደምትደክም ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች መንገር አያስፈልገንም። ከመካከላችሁ ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ የሻይ ዕቃዋን ተሸክማ የምትወጣ፣ ማታ ሰው ቤት ሠርታ የምትመለስ፣ ልጇን ለጎረቤት አደራ የምትሰጥ ብዙ እናት አለች። ታውክልያም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ልጇን አደራ ሰጠች። የሰጠችውም በአክሱም ጽዮን ካህንና መምህር ለነበሩት ለወንድሟ ለአባ ጌዴዎን ነው።

አባ ጌዴዎን የተማሩና የተከበሩ ሰው ነበሩ። የእህታቸውን ልጅ ተቀብለው መዝሙረ ዳዊትን ያስተምሩት ጀመር። ልጁ ግን አልያዘለትም። ዛሬ ያጠናው ነገ ይጠፋዋል፤ እኩዮቹ እያለፉት ሄዱ። ያሬድ ሰነፍ ነበር ብለን በቀላሉ የምናልፈው ይህን ክፍል ነው። እኛ ግን ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ በክፍል ውስጥ ከቆየን በኋላ ሰነፍ የሚለውን ቃል እንፈራዋለን። አባቱ የሞተበት፣ ከእናቱ ቤት የወጣ፣ በዘመድ ቤት የሚኖር የሰባት ዓመት ልጅ ፊደሉ ሲጠፋበት ከስንፍና ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ኀዘንም ትዝታን ይበላል።

መምህሩ ምን አደረጉ? መጽሐፈ ስንክሳር አይሸሽገውም፤ መቱት፣ አሳመሙት። አባ ጌዴዎን ክፉ ሰው አልነበሩም። የእህታቸውን አደራ የተቀበሉ፣ ልጁ ሰው እንዲሆንላቸው የጓጉ፣ በዘመናቸው የነበረውን የማስተማሪያ መንገድ የተከተሉ ሰው ናቸው። የልጆቻችን አባቶችና እናቶችም ሲመቱ ከጥላቻ አይደለም፤ ከፍርሃት ነው። ቀሪ ተስፋቸው ልጃቸው ስለሆነ፣ እርሱ ከወደቀ ስደቱ ሁሉ ከንቱ የሚሆን ስለሚመስላቸው ነው። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ በትሩ ያስገኘው ውጤት ግልጽ ነው። ያሬድ አንድም የዳዊት መዝሙር አልጨመረለትም። ጠፍቶ ሄደ።

መንገዱ ከአክሱም ወደ ሌላ አገር ነበር። ማይ ኪራሕ ከሚባለው ውኃ አጠገብ ሲደርስ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠለለ። እዚያ ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት በግንዱ ላይ ሲወጣ አየ። ትሉ እኩሌታ ደርሶ ይወድቃል፤ እንደገና ይጀምራል፤ ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ ብለው አባቶቻችን ይተርካሉ። ልጁም ስለ ራሱ አሰበ። ይህች ደካማ ፍጥረት ለምግቧ ይህን ያህል ከደከመች እኔ ለምን ተስፋ ቆረጥሁ ብሎ ልቡ ተነካ። ተነስቶም ወደ አክሱም ተመለሰ።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ እንድንል የምንፈልገው ነገር አለ። በዚያች ሰዓት ከልጁ ጋር ማንም አልነበረም። እናቱ አልነበረችም፤ መምህሩም አልነበሩም። እግዚአብሔር ግን ነበረ፤ ባየችው ሁሉ ልትረገጥ በምትችል ትንሽ ፍጥረት በኩል አስተማረው። ልጃችን ከዓይናችን ሲርቅ ከእግዚአብሔርም ዓይን የራቀ ይመስለናል። እምነት ያለው ወላጅ የሚጸናው በዚህ ቦታ ነው። እኛ ልንደርስበት በማንችለው ዛፍ ሥር ልጃችንን የሚያነጋግር አለ ብሎ ይጸልያል፤ እየጸለየም በሩን ሳይቆልፍ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ያሬድ የተመለሰው ወደ ማን ነው? ወደዚያው ወደ መቱት መምህር ነው። አቧራ ለብሶ፣ አፍሮ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ በሩ ላይ ቆመ። አባ ጌዴዎን በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ማድረግ ይችሉ ነበር። የት ነበርህ ብለው ሊቆጡ፣ ለሌሎቹ ተማሪዎች መቀጣጫ እንዲሆን እንደገና ሊገርፉት፣ አንተ ትምህርት አልተፈጠረልህም ብለው ለእናቱ ሊመልሱት ይችሉ ነበር። ሁሉም በሥልጣናቸው ውስጥ ነበር። እርሳቸው ግን ተቀበሉት። ልጁም እያለቀሰ ጸለየ፤ መምህሩም ትምህርቱን እንደ አዲስ ጀመሩለት። ስንክሳሩ አእምሮው ተከፍቶለት ብሉይንና ሐዲስን በአንድ ቀን ተማረ ይላል።

እኛ አስተማሪዎች ለማንም ወላጅ የአንድ ቀን ተአምር ቃል ልንገባ አንችልም። ተአምሩ የአምላክ ነው። የእኛ ድርሻ ከተአምሩ በፊት ያለው ነው፤ የተመለሰውን ልጅ መቀበል። ትሉ ልጁን እስከ በሩ ድረስ አደረሰው። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የትሉ ትምህርት ምን ይረባ ነበር? በዚያች ማለዳ አንድ መምህር ኩራቱን አሸንፎ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ድጓ የሚባል መጽሐፍ ባልኖረን ነበር ብለን እናስባለን።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ለሦስት ሳምንት ከትምህርት ቀረ። ሒሳብ አልሆንለት ብሎ በክፍል ፊት ተዋርዶ ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት፣ ትምህርት በሚጀመርበት ሰዓት፣ ደብተሩን ይዞ በራፋችን ላይ ቆመ። እኛም ደንቡን ነገርነው፤ ወላጅ አምጣ አልነው። እናቱ ሻይ ሻጭ ናት፤ አንድ ጠዋት ከሥራዋ ከቀረች የቀኑ ምግብ ይቀራል። ልጁ ይህን ያውቅ ነበር፤ እኛም ብንጠይቀው ኖሮ እናውቅ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በማግሥቱ አልመጣም። ከወር በኋላ በኦምዱርማን ሱቅ ሊቢያ በኩል መውጣቱን ከጓደኞቹ ሰማን። እናቱ አሁንም መንገድ ላይ ስታገኘን ሰላምታ ትሰጠናለች። ስለ ልጇ እኛ አንጠይቃትም፤ እርሷም አታነሳም።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለተገደሉት ኢትዮጵያውያን ወንድሞቻችን ዜና በደረሰን ጊዜ በዚህች ከተማ ያለቀሰ ሁሉ ያ መንገድ ምን እንደሆነ አውቋል። ከእነዚያ ሟቾች መካከል በዚሁ በሱዳን በኩል ያለፉ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ ሲመለስ እኛ በሩ ላይ የምንናገረው የመጀመሪያ ቃል ቀላል ነገር አይደለም። ያ ልጅ ያን ቀን ከዛፉ ሥር ተነስቶ መጥቶ ነበር። ያጣው ጌዴዎንን ነው።

ወደ ያሬድ እንመለስ። የተቀበሉት ልጅ ዲያቆን ሆነ። ትውፊቱ እንደሚለው 14 ዓመት ሲሆነው አባ ጌዴዎን ዐረፉ፤ በመምህሩም ወንበር የተቀመጠው ትምህርት አልገባ ብሎት የነበረው ያው ልጅ ነው። በወንበሩ ሲቀመጥ ከፊቱ ያለቀሰ፣ ቃል የጠፋበት ተማሪ ሲያይ ምን እንደተሰማው አልተጻፈም። ማይ ኪራሕን የረሳ ግን አይመስለንም።

በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ በዝግታ ይነበብ ነበር እንጂ በከፍተኛ ድምፅ የሚዜም ዜማ አልነበረም። ሦስት አዕዋፍ ከገነት ተልከው በሰው አንደበት እንዳነጋገሩት፣ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ እንደሰማ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ሲመለስ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ አዜመ። ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ ድምፁን ሰምተው ሮጠው መጡ፤ ሲያዳምጡትም ዋሉ። ከዚያ በኋላ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሦስት የዜማ ስልቶች የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ሁሉ ሥርዓት አበጀላቸው። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ናቸው። ክረምቱ ሲገባ፣ አበባው ሲፈነዳ፣ ጾሙ ሲያዝ፣ ሰው ሲሞት፣ ለሁሉም ዜማ አለው። አንድ የዳዊት መዝሙር መያዝ ያቃተው ልጅ የዓመቱን ሙሉ ጸሎት ለአገር አስያዘ።

የያሬድ ታሪክ ሌላም ትልቅ ሰው አለበት። የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ያሬድን እጅግ ይወዱት ነበር። አንድ ቀን ያሬድ ከንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም ሁለቱም በዜማው ተመሰጡ። ንጉሡ የተመረኮዙት ጦር ሳያውቁት በያሬድ እግር ላይ ተተከለ። ደሙ እየፈሰሰ ዜማው ቀጠለ፤ እስኪያበቃ ድረስ አንዳቸውም አላወቁም። ንጉሡ ባዩ ጊዜ ደነገጡ፤ ጦሩን ነቅለው ስለዚህ ደም ዋጋ የፈለግኸውን ጠይቀኝ አሉት። ያሬድ አስቀድሞ እንዳይከለክሉት አስማላቸው። ከዚያም ሄጄ በምናኔ እንድኖር አሰናብቱኝ አለ። ንጉሡ አዘኑ፤ ከአጠገባቸው እንዲርቅ አልፈለጉም ነበር። ሆኖም መሐላቸውን ጠብቀው አሰናበቱት።

ይህን ታሪክ ደጋግመን ስናስብ በወላጅነታችን ላይ ሁለት ነገር ይታየናል። የመጀመሪያው፣ የምንወደውን ልጅ ሳናውቀው ልናቆስለው እንችላለን። ንጉሡ ያሬድን ለመጉዳት አላሰቡም፤ ተመስጠው ነበር። እኛም በሥራችን፣ በኢቃማ ጭንቀት፣ በቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት በምንልከው ገንዘብ ተመስጠን የልጃችን እግር ሲደማ አናይም። ልጁም እንደ ያሬድ ዝም ብሎ ይቆማል። ሁለተኛው፣ ንጉሡ ቁስሉን ባዩ ጊዜ ሰበብ አልፈለጉም፤ ጦሩን ነቀሉ፣ ከዚያም ጠየቁት። የተሰጣቸው መልስ የማይወዱት ቢሆንም ቃላቸውን አላጠፉም። ልጅን ምን ትፈልጋለህ ብሎ ጠይቆ መልሱ ሳይጥመን ሲቀር መቆጣት ልጁ ሁለተኛ እውነት እንዳይነግረን ማድረግ ነው።

ያሬድ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። በጾምና በጸሎት፣ ተማሪዎችንም በማስተማር ኖሮ በዚያው ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ታስበዋለች። ዜማው ግን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ኖረ። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ ጌራና ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ዜማው እንዳይጠፋ በምልክት አደራጁት። ዛሬም በጋይንት፣ ድጓ በቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ ይመሰከራል። የቆሎ ተማሪ እየለመነ፣ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ይማረዋል። እዚህ ካርቱም ስንሰባሰብ የምንሰማው ዜማ በአንድም ሳይበጠስ ከመምህር ወደ ተማሪ እየወረደ የመጣ ነው። በሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ ዜማ ሳያውቁ ይቅር ማለትን ያወቁ አንድ መምህር አሉ።

በትምህርት ቤታችን ክርስቲያንም ሙስሊምም ልጆች አብረው ይማራሉ። ሙስሊም ወላጆቻችን በቁርኣን አንድ ምዕራፍ በስሙ የተሰየመለትን ሉቅማንን ያውቁታል፤ ከተፍሲር ሊቃውንት መካከል ሐበሻ ነበር ያሉ አሉ። ሉቅማን ልጁን ሲመክር በፍቅር ጠርቶት ነው፤ አምላኩን እንዲያውቅ፣ እንዲሰግድ፣ እንዲታገሥ፣ ሰውን እንዳይንቅ፣ ድምፁንም ዝቅ እንዲያደርግ ይመክረዋል። ድምፅህን ዝቅ አድርግ ብሎ የሚመክር አባት አስቀድሞ የራሱን ድምፅ ዝቅ ማድረግ እንዳለበት ግልጽ ነው። በክርስቲያኖች ዘንድም በወንጌለ ሉቃስ ያለው የጠፋው ልጅ አባት ልጁን ከሩቅ አይቶ ሮጠ እንጂ በሩ ላይ ቆሞ አልጠበቀም። ሁለቱም መጻሕፍት የሚያሳዩን በርኅራኄ የሚቀርብ ወላጅ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለቤታችን ምን እንያዝ? ልጅ ሲወድቅ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ምን እንደጎደለበት እንጠይቅ፤ እንቅልፍ ነው፣ ምግብ ነው፣ ኀዘን ነው፣ ወይስ ዓይኑ ሰሌዳውን አያይለትም? ብቻችንን ካልቻልን እንደ ታውክልያ ሌላ ሰው እንያዝ፤ አጎት፣ የክርስትና አባት፣ ሼኽ፣ ቄስ፣ ወይም ልጁ የሚያከብረው ጎረቤት። አደራ የተቀበለም ሰው በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለልጁ ይስጥ፤ ሻይ እየጠጣም ቢሆን ይስማው። ልጁ ተቆጥቶ ከወጣ ስልካችንን አናጥፋ። ሲመለስ መጀመሪያ ምግብ እናቅርብለት፤ ጥያቄው ከምግቡ በኋላ ይደርሳል። ሌሊት ስለ እርሱ ስንጸልይ በስሙ እየጠራን እንጸልይ፤ ሌሊት የጸለዩለትን ልጅ በጠዋት መሳደብ ይከብዳልና።

በእኛም በኩል ከመምህራን ጋር ተመካክረን አንድ ነገር ወስነናል። ከእንግዲህ ቀርቶ የተመለሰ ተማሪ በራፍ ላይ አይመለስም። መጀመሪያ ክፍሉ ገብቶ በወንበሩ ይቀመጣል። ወላጁን የምናገኘው እኛ ሄደን ነው፤ አስፈላጊም ከሆነ እናቱ ሻይ ከምትሸጥበት ዛፍ ሥር። ደንባችን ስለ ላላ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የዘጋነው በር ምን እንዳስከፈለን ስለምናውቅ ነው።

እናንተም ተማሪዎቻችን ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ያዙልን። ስድስት ጊዜ መውደቅ በዚህ ትምህርት ቤት አያሳፍርም። ከሄዳችሁበት ተመለሱ፤ በሩ ክፍት ነው።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ከመንገድ ክፉ ይጠብቅልን። የሄዱትንም በሰላም ያስገባልን። ለመጪው የትምህርት ዘመን ሁላችንንም በጤና ያድርሰን።